«ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበት ዕቅድ ለቀበሌ እንዴት ይወርዳል?

ማራኪ_ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ነኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ሥራዬ ከላይ የሚመጣ ደብዳቤ ተቀብዬ ወደ ታች ማውረድ ነው። ከክልል ይመጣል፣ ከከተማ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከፌዴራል ይመጣል። ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማና ወደ ቀበሌ ይወርዳል።

ለጥምቀት ዝግጅት አንድ ዕቅድ መጣ። ሁሉም ገጽ ላይ «ጥብቅ ምስጢር» ተመትቶበታል። ግማሹ እውነትም ምስጢር ነው፤ የትኛው ኃይል የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰው እንደሚመደብ፣ ሥጋት የተባለው ነገር ከየት እንደተሰማ። ሌላው ግማሽ ግን አምቡላንስ በየት በር እንደሚገባ፣ የጠፋ ልጅ የት እንደሚወሰድ፣ መኪና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማያልፍ፣ ሽንት ቤት የት እንደሚቆም ነው። ይሄም ጥብቅ ምስጢር መሆኑ ነው። ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው። አለቃዬን ስጠይቀው «በቃል ንገራቸው» አለኝ። ነገርኳቸው። የቀበሌ አስተባባሪዎቹ ግማሹን ሰሙ፣ ግማሹን ረሱ፣ አንዱ በሩን ከሌላ በር ጋር አምታታው። ማታ ስልኬን ስከፍት የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ የሰፈር ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንግዲህ ማወቅ ያለበት ሳያውቅ፣ ማወቅ የሌለበት አወቀ። እንዴት ነው የሚለየው? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ፖለቲካ አታምጡብኝ፣ የሥራ ጥያቄ ነው።

ጃንተከል_ሥር

ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ምስጢር? ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ጠጥተህ እስክትነሳ ድረስ ነው ዕድሜው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በነገራችን ላይ ያንን ገጽ እኔም አይቼዋለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ናት የላከችልኝ። እሷ ደግሞ ፀጉር ቤት ነው ያገኘችው።

ቁም ነገሩን ልናገር ካልከኝ፣ ማኅተሙ ለእኛ ደኅንነት አይደለም የሚመታው። ለመቺው ደኅንነት ነው።

መዝገብ_ቤት_የኖረ

ልጄ፣ ጥያቄህ የቆየ ጥያቄ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የኖርኩት፤ ከታይፕራይተር እስከ ኮምፒውተር አይቻለሁ።

በእኛ ጊዜ ምስጢር የሆነ ደብዳቤ በሁለት ፖስታ ነበር የሚሄደው። የውስጠኛው ላይ «ምስጢር» ተብሎ የተቀባዩ ስም ይጻፋል፤ የውጨኛው ላይ አድራሻ ብቻ። ተላላኪው ምን እንደያዘ አያውቅም። ሲያስረክብ በመሸኛ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን አስጽፎ፣ አስፈርሞ ይመለሳል። እያንዳንዱ ቅጂ ቁጥር ነበረው። ሦስተኛው ቅጂ እጁ የገባ ሰው ማን እንደሆነ ደብተሩ ይናገራል። ታይፒስቷ የተጠቀመችበት ካርቦን እንኳ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም ነበር፤ አዲስ ካርቦን አንዴ ከተጻፈበት በኋላ ወደ መስኮት ብርሃን ብታነሳው ደብዳቤው ፊደል በፊደል ይነበባል። ስለዚህ ይቃጠላል። ሲቃጠል ቆሜ አይ ነበር።

አሁን ማኅተሙ ቀረ፣ ደብተሩ ጠፋ። በሽታው እሱ ነው። አለቃው መሳቢያው ውስጥ ማኅተም አለው፣ ቀለም አለው፣ ይመታል። ለምን መታህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ያልመታ ግን ነገር ቢወጣ ይጠየቃል። ታዲያ ማን ሞኝ ነው የማይመታ? የሽንት ቤት ቦታ ጥብቅ ምስጢር ነው የተባለ ሠራተኛ ደግሞ ነገ እውነተኛው ምስጢር ሲመጣለት በዚያው ዓይን ነው የሚያየው።

ሌላው፣ ከግርጌ ያለውን «ግልባጭ» የሚለውን አንብበኸዋል? ጥብቅ ምስጢር ተብሎ ለግማሽ ከተማ ግልባጭ የተደረገ ደብዳቤ አይቼ አውቃለሁ። እሱን ምን እንበለው?

ማራኪ_ማዶ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግልባጩን አሁን ሄጄ አየሁት። ብዙ ነው። ለቀበሌ ግን የለም።

ጠበቃ_ነኝ_ግን

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጥ፣ ከዚያ የጎደለውን እናገራለሁ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል መብት ይሰጣል። ይሄን በዝርዝር ያወረደው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 የወጣው አዋጅ 1238 የሚዲያውን ክፍል ሲተካው የመረጃ ነጻነቱ ክፍል ቀጥሏል። ዋናው ሐሳቡ መረጃ መስጠት ደንብ፣ መከልከል ልዩ ሁኔታ ነው የሚል ነው። ልዩ ሁኔታዎቹ ተዘርዝረዋል፦ የአገር ደኅንነትና መከላከያ፣ የወንጀል ምርመራ፣ የካቢኔ ሰነድ፣ የሦስተኛ ወገን የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምስጢርና የመሳሰሉት። አንድ ዜጋ ጥያቄ ሲያቀርብ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የበላይ ተከታታዩ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሥራ ምስጢር ያወጣ ሠራተኛን ይቀጣል።

አሁን የጎደለውን እዩት። የመጀመሪያው ሕግ በዜጋና በመሥሪያ ቤት መካከል ነው። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤትና ምስጢር ባወጣ ሠራተኛ መካከል። የማራኪ_ማዶ ጥያቄ ሁለቱም ውስጥ የለም። እሱ የሚጠይቀው መንግሥት ለመንግሥት እንዴት ይናገራል ነው። በ2013 የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1231 ወጥቷል፣ እሱ ግን ፌዴራልና ክልል የሚገናኙበትን መድረክ ነው የሚያቋቁመው። አዘዞ ያለ የቀበሌ አስተባባሪ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የትኛውን በር እንደሚከፍት አይነግረውም።

ስለዚህ ሠራተኛው የቀረለት ፍርሃት ነው። ሲናገር የሚቀጣበት አንቀጽ አለ፣ ሳይናገር ሰው ቢጎዳ ግን ማንም «ለምን ዝም አልክ» አይለውም። የፈራ ሰው ዝም ይላል፣ ምን ያድርግ።

ፍላሽ_አልቀበልም

የአይቲ ሰው ነኝ፣ እዚሁ ከተማ። ከጋሼ ደብተር ወደ ዛሬ ላምጣችሁ።

ደብዳቤ ዛሬ እንዴት ነው የሚሄደው? ጸሐፊዋ በስልኳ ፎቶ ታነሳዋለች፣ በካምስካነር ፒዲኤፍ ታደርገዋለች፣ በግል ቴሌግራሟ ለአለቃ ትልካለች። አለቃው «ማኔጅመንት» የሚል ግሩፕ ውስጥ ይጥለዋል። ግሩፑ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት የተዛወረ ሰው አለ፣ ማንም አላስወጣውም። የሌላው ስልክ ደግሞ የሚወርደውን ፎቶ ሁሉ በራሱ ጋለሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ማታ ልጁ በዚያው ስልክ ጌም ይጫወታል። ስክሪኑ ሲሰበር ስልኩ ፒያሳ ጥገና ቤት ሦስት ቀን ያድራል፣ የይለፍ ቁጥሩም ከላዩ ላይ በወረቀት ተለጥፎ። ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጥገና ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ።

ወረዳን ከክልልና ከፌዴራል የሚያገናኝ ወረዳኔት የሚባል መስመር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተዘርግቶ ነበር፣ በቪዲዮ ስብሰባ ይደረግበታል። የሠለጠነ መሥመር መኖሩና ሰው እሱን መጠቀሙ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ቴሌግራም ስለሚፈጥን ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ከጃንተከል_ሥር ጋር አልስማማም። የዚያ ገጽ መውጣት ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንድ አስተባባሪ በቃል የተነገረውን እንዳይረሳ ብሎ ፎቶ አንስቶ ይሆናል። በወረቀት ብትሰጡት ኖሮ ፎቶ አያነሳም ነበር።

ጃንተከል_ሥር

እሺ ይሁን። ግን የመሬት ጉዳይስ? እሱም ምስጢር ይባላል። ለማን ተሰጠ ብለህ ብትጠይቅ «በሂደት ላይ ያለ ነው፣ ምስጢር ነው» ትባላለህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የጸጥታውን ማኅተም ስታከብሩ ይሄኛውም አብሮ እየተከበረ ነው የምላችሁ።

ቨርጂኒያ_ያለሁ

ሰላም ጎንደሬዎች። አዘዞ ተወልጄ አሁን ቨርጂኒያ ነኝ፣ ካውንቲ መሥሪያ ቤት ውስጥ ድንገተኛ አደጋ ክፍል እሠራለሁ። ካውንቲ ማለት እንደኛ ወረዳ በሉት። እዚህም ያው ጥያቄ ነው ያለው፤ ረጅም ስለሆነ ታገሡኝ።

በ2001 በነሱ አቆጣጠር፣ ያ የመስከረም 11ዱ ጥቃት (የኛ የ1994 እንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፣ ትዝ ይላችኋል) ከመድረሱ ወራት በፊት፣ በኤፕሪል፣ ኦክላሆማ ላይ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ናዋፍ አል ሐዝሚ የሚባል ሰው በፍጥነት ሲነዳ አስቆመው። መንጃ ፈቃዱን አየ፣ ቅጣት ጻፈ፣ ለቀቀው። ሰውዬው በኋላ ከአውሮፕላን ጠላፊዎቹ አንዱ ሆነ። ሲአይኤ ግን ይሄ ሰው አሜሪካ መግባቱን ከማርች 2000 ጀምሮ ያውቅ ነበር። በክትትል መዝገብ የገባው በኦገስት 2001 ነው። ፖሊሱ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው ፊት አለው፣ ስሙን የሚያውቀው ሌላ ቦታ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

በ2004 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽኑ ሪፖርት መሥሪያ ቤቶች መረጃ እርስ በርስ አለመሰጣጣታቸውን ክፉኛ ተቸ። ከዚያ ፊውዥን ሴንተር የሚባሉ ማዕከላት ተስፋፉ፣ የክልሉም የከተማውም የፌዴራሉም ሰው አንድ ቤት የሚቀመጥበት። በ2010 ኦባማ ትእዛዝ 13549ን ፈረመ። ይሄ ትእዛዝ በተለይ ለክልል፣ ለከተማና ለካውንቲ ሰዎች ምስጢር እንዴት እንደሚሰጥ ነው። የክልል ገዥ ፈርሞ፣ ያለፈ ታሪኩ ሳይመረመር ማየት ይችላል። ሌላው ይመረመራል፤ የሚሰጠው ፈቃድም በአብዛኛው ከሦስቱ ደረጃ እስከ መካከለኛው ድረስ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጎን ስሙ። በዚያው በ2010 አንድ ተራ ወታደር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ከ250,000 በላይ የዲፕሎማቲክ መልእክቶች ምስጢር ለሚያወጣው ድረ ገጽ ለዊኪሊክስ አሳልፎ ሰጠ። ያን ሁሉ ማየት የቻለው መረቡ ለብዙ ሰው ክፍት ስለነበረ ነው። በ2023 ደግሞ የማሳቹሴትስ አየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ የአይቲ ሥራ የሚሠራ የ21 ዓመት ልጅ ጥብቅ ምስጢሮችን ዲስኮርድ በሚባል የቻት መድረክ ላይ ለጌም ጓደኞቹ ሲለጥፍ ተገኘ። 15 ዓመት ተፈረደበት። ጠላት ገዝቶት አይደለም። ትልቅ ሰው መምሰል ፈልጎ ነው።

ስለዚህ «ይከፈት» ብቻ መልስ አይደለም፣ «ይዘጋ» ብቻም መልስ አይደለም። ለእናንተ የሚጠቅም የመሰለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እዚህ ምስጢር ያለ ሰው ማንነቱን፣ ምክንያቱን፣ መቼ ምስጢርነቱ እንደሚያበቃ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ሕግ መጣስን ለመሸፈን ወይም ከሐፍረት ለመዳን ምስጢር ማለት በሌላ የፕሬዝዳንት ትእዛዝ፣ 13526 በሚባለው፣ ክልክል ነው (ጃንተከል_ሥር፣ ያንተን መሬት ማለቴ ነው፤ እዚህም ግን ሁልጊዜ ይከበራል አልልህም)። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሪፖርት መሃሉ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ከመስመሩ በላይ ያለው ምንጩን ይናገራል፣ ማን እንደተናገረ፣ በምን እንደተሰማ። ከመስመሩ በታች ያለው ምንጩን አይጠቅስም፣ ምን መጠበቅና ምን ማድረግ እንዳለብን ብቻ ነው። ይቀደድና የታችኛው ወደ ታች ይወርዳል። የሚገርመው፣ እኔ የታችኛውን ብቻ አንብቤ ሥራዬን ሙሉ በሙሉ እሠራለሁ። የላይኛው ቢሰጠኝ ለወሬ ካልሆነ በቀር ምንም አይጨምርልኝም።

ሲስተር_ከኮሌጅ

እኔ የጤና ሰው ነኝ። የእኛ ነገር ከዚህ ትንሽ ይለያል፣ ግን አጥንቱ አንድ ነው።

በ2015 ክረምት ቋራ ላይ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ገብቶ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ጸበልተኛው ከመላ አገሪቱ ነው የሚመጣው፤ በሽታው ያደረበት ሰው ጸበሉን ጨርሶ አውቶቡስ ይሳፈርና ሁለት ቀን ተጉዞ አገሩ ይገባል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ማን ነው ፈጥኖ ማወቅ ያለበት? ቋራ ያለው ብቻ አይደለም። ሰውዬው የሚገባበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ነው። «ከዚያ አካባቢ የተመለሰ ሰው ተቅማጥና ትውከት ይዞት ቢመጣ እንዲህ አድርጉ» የሚለው ቃል ከአውቶቡሱ መቅደም አለበት።

የማይወርደው ደግሞ አለ። የበሽተኛው ስም። ኮሌራ አለበት፣ ኤች አይ ቪ አለበት፣ ቲቢ አለበት የሚለው ነገር ስሙን ይዞ ቀበሌ ከገባ ሰውዬው ከነቤተሰቡ ጉድ ሆነ። ከየት ሰፈር ስንት ሰው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ይሄ ይውረድ። ስም ለሚያክመው ብቻ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321ም መንፈሱ ይሄው ነው።

የእኛ ቤት ሌላ በሽታ አለበት፣ ሪፖርት ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። በየሳምንቱ ቅጽ እንሞላለን፣ እንልካለን። አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች «ሲስተር፣ ይሄ የት ነው የሚገባው?» ይሉኛል። የጎረቤት ወረዳ ምን እንዳለበት የምንሰማው ከላይ ሳይሆን ከሹፌር ነው።

ጠመኔ_ያዥ

መምህር ነኝ። ከሁላችሁም በላይ ምስጢር በወረዳ ደረጃ የምናጓጉዝ እኛ ነን፣ የፈተና ወረቀት።

በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የልጆቹን ፊት አልረሳውም። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ አልፎ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚነካው አስቡት። በየደረጃው ደግሞ የሚያስፈልግ ሰው ነው ያለው፤ ጫኝ አለ፣ ጠባቂ አለ፣ ቁልፍ ያዥ አለ። በ2015 ጥቅምት ላይ ተማሪው ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን ተደረገ፣ ጎንደርም ተቀብላለች። ወረቀቱን ወደ ተማሪው መላክ ሲያቅት ተማሪውን ወደ ወረቀቱ ወሰዱት። የብዙ እጅ መንገድ ተቆረጠ። ልጆቹና ወላጆች ብዙ ተንገላተዋል፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው።

ከፈተና የተማርኩት ግን ሌላ ነው። የፈተና ምስጢር ሰዓት አለው። ደወሉ ተደውሎ ወረቀቱ ከተገለበጠ በኋላ ምስጢር አይደለም፤ ከሰዓት ልጆቹ መንገድ ላይ እየተከራከሩበት ይሄዳሉ። የጥምቀት ዕቅድስ ከጥር 12 በኋላ ለማን ምስጢር ነው? ቃና ዘገሊላ ታቦቱ ከገባ በኋላ ፋይሉ ሙሉ «ጥብቅ ምስጢር» እንደተባለ ካቢኔ ውስጥ ይተኛል። የሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሠራተኛ ካለፈው እንዳይማርበት።

ፋሲል_ግቢ_ጎን

ይሄን ልጽፍ ነው የገባሁት። በ2012 ጥምቀት የዋናው ቀን ጠዋት፣ በዩኔስኮ በተመዘገበ ማግሥት በሉት፣ የፋሲል መዋኛው ጋ የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ 10 ያህል ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። ያን ቀን ሰው የጎዳው እንጨቱ ነው፣ የምስጢር ጉዳይ አልነበረም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ሰው አውጪው ማን ነው? አጠገቡ የቆመው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ሪባን ያሠረው አስተናጋጅ ነው። ነጠላ ለባሹ ሁሉ እሱን ነው «በየት ልውጣ» የሚለው። እሱ የአምቡላንስ በር የቱ እንደሆነ ካላወቀ ዕቅዱ ለማን ነው የተጻፈው?

የቀበሌ_ሰው

ሁላችሁም ስለ ቀበሌ አወራችሁ፣ እኔ ቀበሌ ነው የምሠራው፤ ልናገር።

ከላይ ያሉት ሁልጊዜ «ቀበሌ ከደረሰ ወጣ» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እኔ የምኖረው የማስተዳድረው ሰው መሃል ነው። እድር አብረን ነን፣ ማኅበር አብረን እንጠጣለን፣ የጎረቤቴን ልጅ ክርስትና አንስቻለሁ። አበ ልጄ መጥቶ «ምን ሰማህ?» ሲለኝ ፊቴን ያነባል። የማውቀውን አላውቅም ብለው ያውቅብኛል። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ምንጩን አትንገሩኝ። ከልቤ ነው የምላችሁ። እገሌ እንዲህ አለ፣ ከእገሌ ስልክ ተገኘ፣ ይሄን አልፈልግም። ለእኔም ለልጆቼም አደጋ ነው። በቀኝ በኩል ሁለት ሰው አቁም፣ ይሄን በር አትዝጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካየህ በዚህ ቁጥር ደውል በሉኝ። ይበቃኛል።

ሌላው ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ከእኛ ወደ ላይ የሚሄደው። እገሌ አዲስ ተከራይ አስገባ፣ የእገሌ ልጅ ሌሊት ገባ፣ እያልን እንልካለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ውስጥ የድንበር ጠብ አለበት፣ የውርስ ቂም አለበት። እገሌ ከእገሌ ጋር ስለ አጥር ተጣልቶ ስሙን ወደ ላይ የሚያሳልፍ አለ። እኛ ጋ ሲነሳ ወሬ ነው፤ ላይ ደርሶ ማኅተም ሲመታበት «መረጃ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምስጢር ስለሆነ ሰውዬው ራሱ ምን እንደተባለበት አያውቅም፣ እኔም ተሳስተናል ብዬ ላስተካክል ብል ፋይሉን አላየውም። ሲወርድ ጠበቅ ከምታደርጉት ይልቅ ሲወጣ ጠይቁን፤ ማን ነገረህ፣ በዓይንህ አየህ ወይ በሉን።

ጠበቃ_ነኝ_ግን

የቀበሌ_ሰው፣ ይሄን የጻፍከውን ክሩ አናት ላይ ማድረግ ነበረብን። እኔ የማየው መዝገብ ላይ ሰው የሚጎዳው በወጣ ምስጢር ብቻ አይደለም። ማንም ሳይመረምረው ምስጢር በሆነ ወሬም ይጎዳል። ወደ ላይ የሚሄድ ወረቀት ላይ «በዓይኔ ያየሁት» እና «የሰማሁት» የሚል ሁለት ዓምድ ቢኖር እንኳ ብዙ ይለወጣል።

ጃንተከል_ሥር

ይሄን አልጠበቅኩም። ቀበሌ ላይ ልፈርድ ነበር የመጣሁት። አጥር ላይ የተባለውን እኔም አውቃለሁ፣ በእኛም ሰፈር አለ።

ማራኪ_ማዶ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ሁለት ሌሊት አነበብኩት። ለአለቃዬ ላቀርብ ያሰብኩትን ልጻፍላችሁና ቀዳዳውን አሳዩኝ።

ዕቅዱ ሁለት ወረቀት ይሁን። አንደኛው እንደ በፊቱ ታሽጎ የሚቀመጥ፣ የኃይል ብዛትና ምንጭ ያለበት፤ ቅጂው ቁጥር ያለው፣ የወሰደው የሚፈርምበት ደብተር ያለው። ሁለተኛው አንድ ገጽ፣ ምንም ማኅተም የሌለበት፣ በር፣ ሰዓት፣ የጠፋ ልጅ ቦታ፣ የአምቡላንስ መግቢያ፣ የሚደወልበት ቁጥር። እሱን ለአስተባባሪዎች በወረቀት እሰጣለሁ። የላይኛው ላይ ከማኅተሙ ጎን ማን ምስጢር እንዳለው፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚል ሦስት መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

መዝገብ_ቤት_የኖረ

ጎበዝ። ሦስት ነገር አርም። ሁለተኛውን ገጽ ከላይኛው ገልብጠህ አትጻፈው፤ ከላይኛው የተረፈ ዓረፍተ ነገር ሳታስበው ይገባብሃል፣ «በደረሰን መረጃ መሠረት» የሚል ሐረግ ብቻ እንኳ ነገሩን ያጋልጣል። ባዶ ወረቀት ላይ ከዜሮ ጻፈው። ሁለተኛ፣ ዕቅድ ዋዜማው ላይ ይቀየራል፤ የተጻፈበትን ቀንና ሰዓት ከላይ አድርግበት፣ አሮጌውና አዲሱ እንዳይምታታ። ሦስተኛ፣ ሌሊት ላይ ጥያቄ ያለው አስተባባሪ የሚደውልለት ሰው የላይኛውን ያነበበ ሰው ይሁን። ምን መመለስ እንዳለበትና ምን እንደሌለበት የሚያውቀው እሱ ነው።

ፍላሽ_አልቀበልም

ሁለተኛው ገጽ ላይ «ፎቶ ማንሳት ይቻላል» ብላችሁ ጻፉበት። ቴሌግራም ላይም ራሳችሁ ቀድማችሁ ልቀቁት። ካልሆነ ሰው የተሳሳተ ሥሪት ያሠራጫል። የላይኛውን ስብሰባ ላይ ስታነቡ ግን ስልክ በር ላይ ይሰብሰብ፣ የአለቃውም ጭምር።

ቨርጂኒያ_ያለሁ

የአለቃው ስልክ። እዚህም እሱ ነው የሚከብደው።

ማራኪ_ማዶ

ለማታውቁት፦ ዛሬ አቀረብኩ። ሁለት ወረቀት የሚለውን ተቀበለኝ፣ እንዲያውም «ለምን ቀድመን አላሰብነውም» አለ። ሦስቱን መስመር ግን አልወደደም። «እስከ መቼ» የሚለውን እሺ አለ፣ ጥር 13 ተብሎ ይጻፋል። «ለምን» የሚለውን «እሱን ለእኔ ተወው» ብሎ ዘጋው። ደብተሩን ከነገ ጀምሮ እጀምራለሁ። የስልኩን ነገር አላነሳሁም፣ ድፍረቱ አልመጣልኝም።

የቀበሌ_ሰው

ለእኛ 20 ቅጂ ይበቃናል። ፊደሉን ተለቅ አድርገህ አትመው፤ ግማሹ አስተባባሪያችን መነጽር የለውም፣ ሌሊት ደግሞ በሻማ ነው የሚያነበው። የሚደወልበት ቁጥር ሁለት ይሁን፤ ያን ቀን ኔትወርክ ይጨናነቃል።